ያልተቆጠረው ምድጃ

ፒያሳ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለሚናስ፣ ቦን ከተማ፤

የሥላሴ ጥላ ካለህበት አይለይህ። እኔ ከጉልበቴና ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ይፈራል፣ ጆሮዬን ደግሞ የሃምሳ ዓመት መዶሻ በልቶታል። ስልክ አንሣ እያልክ በሰው አፍ የምትልክብኝን ሰምቻለሁ። አላነሣም። በስልክ “እ? እ?” ስል የሚሰማኝ ሁሉ ያረጀሁ ይመስለዋል። በደብዳቤ ግን ገና ጎረምሳ ነኝ።

ኤደን የምትባል ልጅ ልታገባ መሆኑን ሰምቼ ብቻዬን እልል አልኩ። ቀለበቱን ከሱቅ ገዝተህ ብትገኝ ግን አጎትህ አይደለሁም። ሰው “የወርቅ አንጥረኛ ልጅ ቀለበት ገዛ” ሲል ከምሰማ ይቺ የቀረችኝ ጆሮም ትደፈን። የእናትህ አምባር እኔ ዘንድ አለ። ከሱ ቆርጬ እሠራላታለሁ። የልጅቱን ጣት በክር ለክተህ ክሩን በፖስታ ላክልኝ። ገንዘብ እንዳትልክ፤ ክር ብቻ።

ግቢያችን ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ እንደተቀመጠ አለ። ጠዋት ጠዋት ምድጃዬን ሳቀጣጥል ጎረቤት በገል እሳት ሊጭር ይመጣል። ሁልጊዜ አንደኛ የምትደርሰው ትብለጽ ናት። “በጋሼ እሳት ወጤ ቶሎ ይደርሳል” ትላለች። ክብሪቷን እየቆጠበች እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ደስ ይለኛል። አንተስ ወናፉን ይዘህ ያደግኸው እዚሁ አይደል?

ትናንት ታብሌት የያዘች ልጅ መጥታ ነበር። መንግሥት ጭስ ሊያጠፋ ነው፣ በየቤቱ ያለውን ምድጃ እንቆጥራለን አለች። በቀን ስንቴ ያነዳሉ? ስንት ኪሎ ከሰል? ሚናስ ልጄ፣ አንጥረኛ ለማያውቀው ሰው የእሳቱን ቁጥር አይናገርም። እሳቱን የተናገረ ወርቁን ተናገረ፤ አባቴ ያስተማረኝ ይህን ነው። “እኔ እሳት አላነድም” አልኳት። ምድጃው ከኋላዬ እየተንቦገቦገ! ልጅቱ ቀና ብላ አየችው፣ ከዚያ አንገቷን ደፍታ ዜሮ ጻፈች። ትብለጽም ከኔ ሰምታ “እኔም የለኝም” አለች፣ ሁለት ምድጃ ታቅፋ። ማዶ ኬክ ቤት ያለው ደምመላሽ ግን የዋህ ነው፤ ምድጃውንም ጄኔሬተሩንም አንድ በአንድ ዘከዘከላት። እስካሁን እየሳቅንበት ነው።

ሳልረሳው፣ ሥራህ ምንድን ነው? ሰው ሲጠይቀኝ “አየር ይመዝናል” እያልኩ ነው የማልፈው።

አጎትህ አባይነህ


ቦን
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ አባይነህ፤

እንደምን ከርመዋል? ለጉልበትዎ ምሕረቱን ያውርድልዎ። እኛ ደህና ነን። የኤደን ክር በዚህ ፖስታ ውስጥ አለ፤ እሷም እጅ ነሥታለች። ደብዳቤዎን ስከፍት የከሰል ሽታ ክፍሉን ሞላው። ኤደን “ምን ተቃጠለ?” አለችኝ። ልጅነቴ ነው አልኳት።

“አየር ይመዝናል” ማለትዎ ከእውነቱ አልራቀም። አንድ አገር የሚለቀውን ሙቀት አማቂ ጋዝ እንዴት ወደ ዜሮ ያወርዳል የሚለውን ዕቅድ ከሚሠሩት አንዱ ነኝ። ነገሩ ሲያወሩት ቀላል ነው። በመጀመሪያ መብራቱ ራሱ ከጭስ ይጸዳል። የእኛ ከውኃ ስለሚመጣ በዚህ ከብዙ አገር እንሻላለን። ቀጥሎ በነዳጅና በከሰል የሚሠራው ሁሉ፣ መኪናውም ምድጃውም፣ ወደ መብራት ይዞራል። ከብቱ፣ ማዳበሪያው፣ ሲሚንቶው ጨርሶ አይጠፋም፤ ይቀነሳል፣ የተረፈውን ደግሞ የምናለማው ደን ይውጠዋል። የሚወጣውና የሚዋጠው ሲተካከል ያን ጊዜ ዜሮ ደረስን እንላለን። ለዚህ ሁሉ መነሻው በትክክል መቁጠር ነው። ምድጃው የተቆጠረለት ሰው በምትኩ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይገባለታል። ማንም ሳይበስልለት አያድርም።

መሥሪያ ቤታችን አገራችንን ስለሚያግዝ፣ ልጅቱ የያዘችውን መጠይቅ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፣ ጋሼ። የሰፈራችሁ ሰንጠረዥም ጠረጴዛዬ ላይ ደርሷል። ግቢያችሁ በጣም ጥሩ ውጤት አለው። ደምመላሽና የመሰሉት ምድጃቸው ሲቀየር ሰፈሩ የመጀመሪያው ዜሮ ሰፈር ይሆናል እየተባለ ቢሮው ሁሉ ተደስቷል።

ቀለበቱን በጉጉት እንጠብቃለን።

ልጅዎ ሚናስ


ፒያሳ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሚናስ፤

የክርህ ደብዳቤ ከደረሰኝ ጀምሮ ሰላምታህን ለግቢው ሁሉ አዳርሻለሁ፤ ያንተንም ቤት ፈጣሪ ይባርክ። ግን መጠይቁ ያንተ ከሆነ ምነው አስቀድመህ ብትነግረኝ? ለወንድሜ ልጅ አልዋሽም ነበር። ይሁን፣ አራዳ ሆኜ የገዛ ቤተሰቤን ሸወድኩ። ዜሮ ነኝ በለኛ!

ቀለበቱ ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ከአምባሩ ቆርጬ፣ እሳት ሳላስነካ ቀጥቅጬ፣ በክሩ ልክ አጥፌዋለሁ። የቀረው ሁለቱን ጫፍ መበየድ ነው። እዚህ ላይ ነው የገረመኝ። እሳቱ እንቢ አለ። አልጠፋም፤ ከሰሉ ቀይ ነው፣ ወናፉን ስረግጠው ይደምቃል። እጄን ብዘረጋበት ግን አይሞቅም። ቀለበቱን ውስጡ ባስቀምጠው ቀዝቅዞ ይወጣል።

ከሰሉን ጠርጥሬ በወርቁ ሚዛን ሦስት ፍሬ መዝኜ አቀጣጠልኩ። ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነደደ። አውጥቼ ብመዝነው አንዲት ነጥብ አልጎደለም። አመድ የለም። ያ ሚዛን አባቴንም እኔንም ዋሽቶን አያውቅም።

አንድ የሚያስቅ ነገር ላጫውትህ። ባለፈው ከአራት ኪሎ በታክሲ ስመለስ ረዳቱ ከሁሉም ሒሳብ ሰብስቦ እኔን ዘለለኝ። ለሽበቴ ያከበረኝ መስሎኝ ኮራሁ። ፒያሳ ስንደርስ “ወራጅ አለ!” አልኩ። ዝም። ሦስቴ ጮህኩ። ሌላ ሰው ሲወርድ አብሬ ወረድኩና በእግሬ ተመለስኩ። ጆሮው እንደኔ ሄዶ ይሆናል።

ደምመላሽ አዲስ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገብቶለት ይንጎማለላል። ኬኩ እንደውም ጣፍጧል። እዚህ ግቢ ግን እሳት ሊጭር የመጣ ሰው ካየሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ትብለጽም አልመጣችም። ምን አስቀይሜያት ይሆን?

አጎትህ አባይነህ


ቦን
የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ፤

ሰላምዎ ይብዛ። በመዘግየቴ ይቅር ይበሉኝ፤ ስብሰባ በስብሰባ ላይ ሆነብኝ። ሰፈራችሁ ዜሮ መሆኑ በይፋ ተገለጸ። መድረክ ላይ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ስለ ፒያሳ ስናገር ሰዎቹ ተነሥተው አጨበጨቡ። ኃላፊዬ ሌሎች አገሮች ጭምር ከዚህ ሰፈር ይማራሉ አሉኝ።

ከሰሉ እርጥብ ይሆናል። ሌላ ነጋዴ ይሞክሩ። የቀለበቱ ነገር አያስጨንቅዎ፣ ሠርጉ ገና ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ስለ ምድጃው ለጊዜው ለማንም ባያወሩ። እኔ ጊዜውን ጠብቄ አስተካክለዋለሁ።

የመጨረሻው ደብዳቤዎ ምንም ሽታ አልነበረውም። ወረቀት ቀየሩ?

ልጅዎ ሚናስ


ፒያሳ
የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሚናስ፤

ሰላምታዬ በያለህበት ይድረስህ። ወረቀቱ የድሮው ወረቀት ነው፤ ከምድጃው አጠገብ የሚቀመጠው።

ከሰል ከአራት ነጋዴ ገዛሁ። ገዛሁ ስል፣ አነሣሁና ብሩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። ቀና ብሎ ያየኝ የለም። ሁሉም ያው ነው፤ ይቀላል፣ አይሞቅም።

እሑድ ሥላሴ ሄጄ አስቀደስኩ። ቄሱ መስቀል ሊሳለም የተሰለፈውን ሁሉ በየተራ አሳለሙ። እኔ ጋ ሲደርሱ ግንባሬን አቀረብኩ። መስቀሉ በፊቴ አልፎ ከኋላዬ ያለችውን ሴትዮ ነካ። አያውቁኝም እንዳልል፣ አርባ ዓመት በስሜ ጠርተውኛል። ሚናስ፣ ያን ጊዜ ፈራሁ። ይህን ያህል ፈርቼ አላውቅም።

ትብለጽን ልጠይቃት ገባሁ። ድስቷን ጥዳ ቁጭ ብላለች። ውኃው ዝም ብሎ እሳት ላይ ተቀምጧል። “አልፈላም እንዴ?” አልኳት። “ጋሼ፣ ከመቼ ወዲህ እንደሆን እንጃ፣ አይርበኝም” አለችኝ። በዚህ ግቢ የምንሰማማው እሷና እኔ ብቻ ነን። ያቺ ወሬኛ ሴት፣ ይኸንኑ ብላ ዓይኗን ወደ ድስቷ መለሰች።

ቤቴ ተመልሼ ልቤን ላረጋጋ የእናትህን አምባር መወልወል ጀመርኩ። እንዴት እንደምወለውል ታውቃለህ፤ ሃ ብዬ ተነፍሼበት፣ ጭጋጉ ሳይጠፋ በጨርቅ። ተነፈስኩ። ወርቁ እንዳበራ ቀረ። ደግሜ ተነፈስኩ። ደረቴ እስኪያመኝ ተነፈስኩበት። ጭጋግ የሚባል አልያዘም።

ደምመላሽን በመስኮት አየዋለሁ፤ በጠዋቱ ብርድ ከአፉ ጭስ እያወጣ ከደንበኛ ጋር ይሳሳቃል። እሱ እውነቱን ተናግሮ ተቆጠረ። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ዜሮ ሆንኩ። ብልጠቴ ራሴን በላኝ።

ገንዘብ አልጠይቅህም፣ መድኃኒት አልጠይቅህም። ያ መዝገብ በእጅህ ነው። አንድ ብለህ ጻፈኝ። ቁጠረኝ፣ ልጄ።

አባይነህ


ፒያሳ
መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሚናስ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። መልስህን ጠበቅሁ። ፖስታ ቤት ሄጄ ሳጥኔን በየቀኑ እከፍታለሁ፤ ባዶ ነው። ሰልፍ ላይ ስቆም ሰው ባለሁበት ይቆማል፣ ስለዚህ ግድግዳ ጥግ ይዤ እሄዳለሁ።

ትብለጽን ሦስት ቀን አላየኋትም። በሯ ክፍት ነው፤ ድስቷ እንደተጣደ ነው። ስሟን ስጠራ አንድ ጊዜ “አቤት” ያለችኝ መሰለኝ፣ ግን ጆሮዬን አላምነውም።

ሥራ በዝቶብህ ይሆናል። ልጅ ሳለህ ወናፉን ለሰዓታት ስትረግጥ “ደከመኝ” አትልም ነበር። እኔም “በቃህ” ሳልልህ አመሽ ነበር። ለዚያ ይቅር በለኝ።

አባይነህ


ቦን
ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ፣ አባት ሆነው ላሳደጉኝ፤

እግዚአብሔር ይህ ወረቀት እጅዎ ላይ እንዲደርስ ያድርግልኝ። ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ደርሰውኛል። የመጋቢቱን ቀለም ለማንበብ ከመብራት ሥር መያዝ ነበረብኝ። ዝም ያልኩት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። አፍሬ ነው።

ኅዳር ላይ ሰንጠረዡ ሲደርሰኝ በእርስዎ ስም ፊት ዜሮውን አየሁ። ውሸት መሆኑን በዚያው ቅጽበት አውቄያለሁ። የጻፉልኝ ደብዳቤ እኮ ከሰል ከሰል እየሸተተ አጠገቡ ነበር! አንድ መስመር ባስተካክል ያልቅ ነበር። ግን ሁሉም እየተደሰተ፣ ስሜ እየተጠራ፣ “ቆይ ነገ” እያልኩ አለፍኩት። ቀጥሎ መድረክ ላይ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ማስተካከል ራሴን ማዋረድ ሆነብኝ። ስለ ምድጃው ዝም ይበሉ ያልኩዎም ለራሴ ፈርቼ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ነው ያሳደጉት።

አሁን ለኃላፊዬ ነገርኳቸው። “ሰንጠረዡ የሚታረመው ቤቱ እንደገና ሲጎበኝ ነው” አሉ። ይጎብኙልኝ አልኩ። “የምንጎበኘው እሳት ያለበትን ቤት ነው፤ ዜሮ ቤት ምን ተብሎ ይጎበኛል?” አሉኝ። ደንቡን አነሣሁና አነበብኩት። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ጋሼ፣ ዓመታት ሙሉ እሳት ስለማጥፋት ሳስብ ኖሬ አሁን አንድ እሳት እንዲነድ እየጸለይኩ ነው። እባክዎ ይቆዩኝ። ራሴ መጥቼ እቆጥርዎታለሁ።

ልጅዎ ሚናስ


ፒያሳ
ግንቦት 14

ሚናስ

ደብዳቤህ ደርሷል። እርሳሱ ወረቀቱን አይዝም፤ አጠር ላድርገው። አልተቀየምኩህም። እኔ ዋሸሁ፣ አንተ ዝም አልክ፤ ተካፍለነዋል።

ቁልፉ ከበሩ ጉበን ላይ ነው። ቀለበቱና አምባሩ በምቀጠቅጥበት ብረት፣ በመስፉ ላይ ናቸው። ጫፉ አልተገጠመም። ያልተበየደ ቀለበት ለሙሽራ አይሰጥም፣ እንዳትሰጣት።

እዚሁ ነኝ።


ፒያሳ፣ ከእርስዎ የወርቅ መሥሪያ ክፍል ውስጥ
ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት

ለጋሼ አባይነህ፤

ሰላም ለዚህ ቤት ይሁን። ይህን ደብዳቤ ወደ የትኛውም ፖስታ ቤት አልወስደውም። ጽፌ መስፉ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ያነቡታል ብዬ አምናለሁ።

ስመጣ መጀመሪያ ያገኘሁት ደምመላሽን ነው። “ጋሼ አባይነህ የት አሉ?” አልኩት። ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። “ያ ቤት እኮ ባዶ ነው” አለኝ። ከመቼ ጀምሮ ብዬ ብጠይቀው “እንጃ፣ ከድሮም” አለ። ከዚያ እንባው መጣ፣ ለምን እንደሚያለቅስ ግን አላወቀም። የእትዬ ትብለጽ በር ክፍት ነው። ድስታቸው ምድጃው ላይ አለ፣ ውኃው አልጎደለም። ከፍ ባለ ድምፅ እንደምን አደሩ ብያቸው አለፍኩ።

ቁልፉን ካሉበት አገኘሁት። ሁሉም በቦታው ነው። ሦስቱ ፍሬ ከሰል ሚዛኑ ላይ ናቸው። ጉጠቱ፣ መዶሻው፣ ወናፉ። ወንበርዎ ላይ አቧራ የለም። ሌላው ሁሉ አቧራ ለብሷል፣ ወንበሩ ብቻ የለውም። ይህን ሳይ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

መጠይቁን ከሻንጣዬ አወጣሁ። በእጄ ሞላሁት። የእትዬ ትብለጽ ቤት፤ ነዋሪ አንድ፣ ምድጃ ሁለት። የአባይነህ ቤት፤ ነዋሪ አንድ፣ ምድጃ አንድ፣ በየቀኑ የሚነድ። ከሥሩ “የቀድሞው ቁጥር ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ አሳልፌዋለሁ” ብዬ ስሜን ጻፍኩና ፈረምኩ። በስልኬ አንሥቼ ለቢሮው ሁሉ ላክሁት፤ ለኃላፊዬም፣ ያን ቀን ላጨበጨቡትም። ሰፈሩ ዜሮ አይደለም። የኔም ሥራ ዛሬ ያበቃ ይመስለኛል። ዕቅዱ ግን ትክክል ነው ጋሼ፣ አሁንም አምንበታለሁ። ሰውን አብሮ የሚያጠፋ ዜሮ ነው ስህተቱ። የኤሌክትሪክ ምድጃችሁ ይመጣል፤ እስኪመጣ ድረስ ግን በዚህ ቤት እሳት አለ።

ልኬ እንደጨረስኩ ከወዲያኛው ቤት የድስት ክዳን ሲንኳኳ ሰማሁ። ውኃ ሲፈላ እንደሚያደርገው። ሄጄ አላየሁም። ፈራሁ፣ ደግሞም ደስ አለኝ።

ከዚያ አምባሩን አነሣሁ። እንዳስተማሩኝ ሃ ብዬ ተነፈስኩበት። ጭጋጉ በወርቁ ላይ ክብ ሆኖ ተቀመጠ። የኔ ነው። ጨርቁን ሳነሣ፣ ገና ሳልነካው፣ ከጎኑ ሌላ ጭጋግ ያዘ። ሰፋ ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚመጣ፣ የሽማግሌ እስትንፋስ። አፌን በእጄ ይዤ ነበር፣ ጋሼ። እኔ አልተነፈስኩም።

አልወለወልኩትም። ሁለቱም በራሳቸው ጊዜ እስኪጠፉ አየኋቸው።

ከሰሉን አሁን አቀጣጥዬዋለሁ። ቀልቷል፤ መሞቁን ግን በእጄ አልሞከርኩትም፣ እርስዎ ይሞክሩት። ቀለበቱ መስፉ ላይ ነው፣ ጫፉ እንደተከፈተ። ወናፉን እኔ እረግጣለሁ፣ አይደክመኝም። እርስዎ ይበይዱት።

ልጅዎ ሚናስ